«ገዝቼዋለሁ፣ የኔ ነው»፦ ስለ ፒሲ ጌም መደብሮች መስማት የሰለቸኝ ነገር

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ላፕቶፑን ታቅፎ ሱቄ መጣ። ቀን ቀን ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ ማታ ማታ ጌም እጫወታለሁ። ሰፈሩ ይህን ስለሚያውቅ ጌም ነክ ጣጣ ሁሉ ወደኔ ነው የሚመጣው።

«ጋሼ፣ ስቲም አልከፍት አለኝ። ቫይረስ ሳይገባበት አይቀርም» አለኝ። ስቲም የኮምፒውተር (ፒሲ) ጌም የሚሸጥበት የኢንተርኔት መደብር ነው፤ የገዛኸውን የምትጫወተውም በዚያው ነው።

አየሁት። ቫይረስ የለውም። ፓስወርዱ ተቀይሯል፣ ኢሜይሉም ተቀይሯል። «አካውንቱን ከየት አመጣኸው?» አልኩት። ቴሌግራም ላይ ገዝቶት ነው። አርባ ጌም ያለው አካውንት፣ በ3,000 ብር። ሦስት ሳምንት ተጫውቶበታል። ከዚያ ያችን ዓመቱን ሙሉ የምሰማትን ነገር ተናገረ፦ «ገዝቼዋለሁ እኮ፣ የኔ ነው።»

በዚህ ዓመት ብቻ ይህን ይዞ የመጣ ሰባተኛ ሰው ነው። ለእያንዳንዱ ከምደጋግመው፣ ከሌሎቹ ሁሌ ከምሰማቸው አባባሎች ጋር አንዴ ልጻፈውና ይገላግለኝ። ቀኖቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው ያስቀመጥኳቸው።

«ገዝቼዋለሁ፣ የኔ ነው»

አይደለም። በራስህ ካርድ ከፍለህ ደረሰኝ ብትቀበልም አይደለም። ስቲም ላይ ስትከፍል የምታገኘው ጌሙን የመጫወት ፈቃድ ነው። ጌሙ የባለቤቱ ሆኖ ይቀራል። ፈቃዱ ደግሞ ከአካውንቱ ጋር የታሰረ ነው። አካውንቱን መሸጥም ሆነ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ እንደማይቻል ውሉ ላይ በግልጽ ተጽፏል። ስትመዘገብ ሳታነብ «እስማማለሁ» ያልከው እሱን ነው።

በሲዲ ዘመን ዲስኩ እጅህ ላይ ነበር። ለጓደኛ ታውሰዋለህ፣ ሲሰለችህ ትሸጠዋለህ። ስቲም በሴፕቴምበር 2003 ሲጀመር ዋና ሥራው ካውንተር ስትራይክን የመሳሰሉ የባለቤቱን የቫልቭን ጌሞች አፕዴት ማድረግ ነበር። በ2004 ሃፍ ላይፍ 2 የሚባለው የቫልቭ ጌም ሲወጣ ግን ዲስኩን ከሱቅ የገዛ ሰው እንኳን ስቲም ላይ ሳይመዘገብ መጫወት አልቻለም። ያኔ ብዙ ሰው ተቆጥቶ ነበር። አሁን ሁላችንም ለምደነዋል፤ የለመድነውን ነገር ምንነት ግን አልጠየቅንም።

ላላመነ ሰው የዘ ክሪውን ታሪክ እነግረዋለሁ። ዩቢሶፍት በ2014 ያወጣው የመኪና ጌም ነው። አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር እየነዳህ ታቋርጣለህ። ችግሩ፣ ብቻህን ብትጫወት እንኳን ከሰርቨር ጋር መገናኘት ነበረበት። ማርች 31፣ 2024 ሰርቨሩ ተዘጋ፣ ጌሙም አብሮ ሞተ። ሙሉ ዋጋ የከፈለም፣ በቅናሽ የገዛም እኩል ጌሙን አጣ። ብሎም ፈቃዱ ራሱ ከተጫዋቾች ላይ ተነሳ። ሮስ ስኮት የሚባል ዩቲዩበር በዚህ ተነሳስቶ «ጌም መግደል ይቁም» የሚል ዘመቻ ጀመረ። ለአውሮፓ ኅብረት የቀረበው ጥያቄ በ2025 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ አገኘ። እኔ ዘመቻውን ከልቤ ነው የምደግፈው። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የወሰደውን ነገር ሻጩ በፈለገበት ቀን ማጥፋት የለበትም።

ካሊፎርኒያም ሕግ አወጣች። ከ2025 መግቢያ ጀምሮ ፈቃድ ብቻ የሚሸጥ መደብር ይህን በግልጽ ሳይናገር «ግዛ» የሚል ቁልፍ ማስቀመጥ አይችልም። ስቲም ሕጉ ሥራ ላይ ሳይውል በፊት መክፈያ ገጹ ላይ «የምትገዛው ፈቃድ ነው» የሚል ማሳሰቢያ ጨመረ። ለልጁ በራሴ አካውንት ገብቼ፣ አንድ ጌም ቅርጫት ውስጥ ከትቼ መስመሯን አሳየሁት። ጣቱን ስክሪኑ ላይ እያስኬደ ሁለት ጊዜ አነበባት። ከዚያ ዝም አለ።

እሱ ደግሞ ፈቃዱንም አልገዛም። አካውንት የሚሸጡት ሰዎች እንዴት እንደሚሠሩ ልንገራችሁ። ሻጩ ፓስወርዱን ይሰጥሃል። ኢሜይሉንም ቀይር ይልሃል፣ እንድታምነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ትጫወታለህ። ከዚያ ሻጩ ለስቲም «አካውንቴ ተሰረቀ» ብሎ ይጽፋል። ስቲም ማስረጃ ይጠይቃል፤ ለምሳሌ በመጀመሪያ የተከፈለበትን ካርድ። እሱ ማስረጃው አለው፣ አንተ የለህም። አካውንቱ ይመለስለታል። በውሉም ባለቤቱ እሱ ነው። በማግስቱ ያንኑ አካውንት ለሌላ ሰው ይሸጠዋል። አንዳንዱ አካውንት ከነጭራሹ ከሌላ ሰው የተሰረቀ ነው። የአክስቴ ልጅ በዚህ መንገድ ሁለት ጊዜ ተበልቷል። ሁለተኛውን ጊዜ ሳስጠነቅቀው «ይሄኛው ሻጭ የታመነ ነው፣ ቻናሉ ብዙ ተከታይ አለው» አለኝ። ተከታይ ምን ዋስትና ይሆናል?

ሰዉ ለምን ወደዚያ እንደሚሄድ ግን ይገባኛል። ስቲም በብር አይሸጥም። ዋጋው በዶላር ነው። ብር በጁላይ 2024 ለገበያ ከመለቀቁ በፊት 60 ዶላር ጌም በባንክ ምንዛሪ 3,400 ብር ገደማ ነበር። ሳምንታት ሳይቆይ ከ6,000 አለፈ። ያንን የሚከፍል ቢኖርም ለብዙዎቻችን የኪሳችን ካርድ ውጭ አገር መደብር ላይ አይሠራም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። አካውንቱን ራሳችሁ ክፈቱ፣ በራሳችሁ ኢሜይል። ስቲም ጋርድን አብሩ፤ በስልክ ኮድ ማረጋገጥ ማለት ነው። አሜሪካ ዘመድ ካለ ጌሙን በስጦታ መልክ ይላክላችሁ፤ እኛም በዶላር ስለምንገዛ የሁለቱ አገር ዋጋ አይራራቅም። ዋጋው በጣም ከሚረክስበት አገር ግን ስጦታው አያልፍም። ዘመዳችሁ ዲጂታል ጊፍት ካርድ የሚልክ ከሆነ ደግሞ ስቲም ላይ ቢያንስ ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ ጓደኛ ሁኑ፤ አለዚያ አይላክም። ይህን ባለማወቅ የቅናሹ የመጨረሻ ቀን ያለፈበት ስንቱ ነው! ትልልቆቹ ቅናሾች በዓመት አራት ጊዜ ይመጣሉ። የምትፈልጉትን ዊሽሊስት (የምኞት ዝርዝር) ውስጥ አስገቡና ጠብቁ። የ60 ዶላሩ ጌም ሁለት ሦስት ዓመት ሲሞላው በ15 ዶላር ታገኙታላችሁ፣ ያውም እንከኑ ተስተካክሎ።

«ታዲያ በእጄ የሚቀር ጌም የለም?» ለሚል፣ ጎግ አለ። ዊቸር የሚባሉትን ጌሞች የሠራው የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጄክት በ2008 የከፈተው መደብር ነው። በውል ደረጃ እሱም የሚሸጠው ፈቃድ ነው። ልዩነቱ፣ የጌሙን ኢንስቶለር (መጫኛ ፋይል) አውርደህ ሃርድ ዲስክህ ላይ ታስቀምጣለህ፤ ለመጫን ኢንተርኔትም ሆነ ላውንቸር (እንደ ስቲም ያለ ማስጀመሪያ ፕሮግራም) አይጠይቅህም። በ2020 ክረምት ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲጠፋ ዊቸር 3ን ከዚያው ሃርድ ዲስክ ላይ ጭኜ ነው የተጫወትኩት። ጎግ ላይ የገዛችሁትን በዚያው ሰሞን አውርዱ። መደብሩ ላይ ተኝቶ የሚቀር ጌም ከስቲሙ አይለይም።

«ቪፒኤን ከፍቼ አርጀንቲና ነኝ ብል በርካሽ እገዛለሁ»

ያ ድሮ ቀረ። ስቲም በየራሳቸው ገንዘብ በርካሽ ይሸጥባቸው የነበሩትን አርጀንቲናንና ቱርክን በኖቬምበር 2023 ወደ ዶላር አዛወራቸው። አገር መዋሸት ውሉንም ይጥሳል፤ አካውንት ያሳግዳል።

«ጌሙ ሳይወጣ ቀድሜ ካላዘዝኩ ያልቅብኛል»

ዲጂታል ጌም አያልቅም።

«አንዴ ከገዛሁ ገንዘቤ አይመለስም»

ይመለሳል። ስቲም ከ2015 ጀምሮ፣ በገዛህ በ14 ቀን ውስጥ ከሆነና ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወትክ ምክንያት ሳይመረምር ይመልስልሃል። ስለዚህ ጌሙን እንደገዛህ መጀመሪያ በማሽንህ በደንብ መሥራቱን እይ። ሁለቱን ሰዓት የመግቢያውን ፊልም በማየት አትጨርሰው።

«ክራክም (ቁልፉ ተሰብሮ የተለቀቀ ጌም) ያው ነው፣ ነጻ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ»

ለመጫን «መጀመሪያ አንቲቫይረስህን አጥፋ» የሚልህን ፋይል እንዴት ታምነዋለህ? ሱቄ ከሚመጡት የተጎዱ ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ቫይረስ በዚህ በር ገብቶባቸው ነው።

«ጂቲኤ 6 ለፒሲ ወጥቷል፣ ሊንኩ ይኸው»

የጂቲኤ ሠሪ ሮክስታር ጌሙን ያሳወቀው ፒኤስ5 እና ኤክስቦክስ ሲሪስ ለሚባሉት የጌም መጫወቻ መሣሪያዎች ነው። ለፒሲ ቀን አልሰጠም፣ ለስልክማ ጭራሽ አላነሳውም። ያ «ለስልክ የሚሆን» የተባለው ፋይል ሌላ ነገር ነው፤ አትጫኑት። የጌም ዜና ስታዩ መጀመሪያ ወደ ሠሪው የራሱ ገጽ ሂዱ። እዚያ ከሌለ የለም ማለት ነው።

«እኛ ብንጮህ ማን ይሰማናል?»

ይህን ደግሞ አብዝቼ እሰማዋለሁ፣ አብዝቶም ያናድደኛል። ሜይ 2024 ላይ ሶኒ ሄልዳይቨርስ 2 የሚባለውን ጌሙን በፒሲ የሚጫወት ሁሉ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ (የሶኒ የራሱ የኢንተርኔት አገልግሎት) አካውንት እንዲያያይዝ አዘዘ። ያ ኔትወርክ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ170 በላይ አገሮች ውስጥ አይሠራም። ጌሙ በእነዚህ አገሮች ከሽያጭ ወረደ። ገዝተው ወራት የተጫወቱ ሰዎች ከጌማቸው ሊባረሩ ሆነ። ተጫዋቹ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ስቲም ላይ ከ200 ሺህ በላይ አሉታዊ አስተያየት ጻፈ። ከጻፊዎቹ መካከል አካውንቱን መክፈት የሚችሉ፣ ነገሩ እነሱን የማይነካቸው ሰዎችም ነበሩ። በቀናት ውስጥ ሶኒ ትእዛዙን አነሳ። አስተያየት መጻፍ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ጌም ሲበላሽባችሁ ጻፉ፣ ሲያምርም ጻፉ።

«የኤፒክ ነጻ ጌም ማታለያ ነው፤ በኋላ ያስከፍላል»

አያስከፍልም። ኤፒክ የሚባለው ጌም ሠሪ ድርጅት የራሱን መደብር በዲሴምበር 2018 ሲከፍት ስቲምን መገዳደር ነበረበት። ስቲም ከሽያጩ 30 በመቶ ሲወስድ ኤፒክ 12 በመቶ ብቻ እወስዳለሁ ብሎ ሠሪዎቹን ጠራ። ተጫዋቹን ለመሳብ ደግሞ ነጻ ጌም ማደል ጀመረ። ለሠሪዎቹ የሚከፍለው ራሱ ኤፒክ ነው። በሜይ 2020 ጂቲኤ 5ን በነጻ ሲሰጥ ሰው ከመብዛቱ የተነሳ መደብሩ ለሰዓታት አልከፍት ብሎ ነበር። በጊዜው የወሰድከው ጌም ላይብረሪህ ውስጥ ይቆያል። ለመውሰድ ካርድ አያስፈልግም፤ ኢሜይል ይበቃል። አዲሱ የሚወጣው ሐሙስ ሐሙስ በኛ 12 ሰዓት ማታ ነው፤ አሜሪካኖቹ በኖቬምበር ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ 1 ሰዓት ይሆናል። እስከሚቀጥለው ሐሙስ ካልወሰድከው ያልፍሃል።

የልጁን 3,000 ብር ላስመልስለት አልቻልኩም። ያ የቴሌግራም ሻጭ አግዶታል። እዚያው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ግን ኤፒክ ላይ በራሱ ኢሜይል አካውንት አስከፈትኩት። ፓስወርድ የሚጽፍበት ቦታ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ። ፊቴን አዞርኩለት። ጽፎ ሲጨርስ «ጨርሻለሁ» አለኝ፣ የሳምንቱንም ጌም ወሰደ።