ስሉዝ ኪት፦ የዲስክ ቅጂን በትእዛዝ መስመር መመርመር

ስሉዝ ኪት የዲስክ ቅጂ ውስጥ ገብተው ፋይል ሲስተሙን (ፋይሎች ዲስክ ላይ የሚመዘገቡበትን ሥርዓት) የሚመረምሩ፣ በነፃ የሚገኙ መሣሪያዎች ስብስብ ነው። ማውስ የለ፣ በተን የለ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ትእዛዝ ይጻፋል፣ መልስ ይመጣል። የሠራው ብራያን ካሪየር ነው። መነሻ የሆነው ደግሞ ዳን ፋርመርና ቪትዘ ቬኔማ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጡት ዘ ኮሮነርስ ቱልኪት ነው፤ የአስከሬን መርማሪ ዕቃ እንደማለት። ስሙ ያስቃል፣ ግን ልክ ነው። ሰርጎ ገብ የተጫወተበት ኮምፒውተር ምን እንደደረሰበት ለማጣራት የተሠራ ነበር። በተን መጫን የሚቀናው ሰው ኦቶፕሲን ይጠቀማል። ኦቶፕሲ ከላይ የተደረበ ልብስ ነው፤ ከሥር የሚለፉት እነዚሁ መሣሪያዎች ናቸው።

የትእዛዞቹ ስም መጀመሪያ ሲያዩት ግራ ያጋባል። ግን ሥርዓት አለው። በኤምኤም የሚጀምረው ስለ ዲስኩ አከፋፈል ይናገራል፣ በኤፍኤስ የሚጀምረው ስለ ፋይል ሲስተሙ። ኤፍ የፋይል ስም ነው፣ አይ የፋይሉ መዝገብ፣ ብሎክ ደግሞ ዳታው ራሱ። መጨረሻው ላይ ኤልኤስ ካለ ይዘረዝራል፣ ስታት ካለ ያብራራል፣ ካት ካለ ይዘቱን አውጥቶ ይሰጣል። ይህን የያዘ ሰው መመሪያውን ሳይከፍት ግማሹን ይገምታል።

የሰርግ ፎቶ ያለበት የካሜራ ሜሞሪ በስህተት ዲሌት ተደረገ እንበል። መጀመሪያ ካሜራውን ማጥፋት ነው። አንድ ተጨማሪ ፎቶ ማንሳት እንኳ የድሮው ላይ ተጽፎ ሊያጠፋው ይችላል። ቀጥሎ በዲዲ ትእዛዝ የሜሞሪው ሙሉ ቅጂ ይወሰዳል፤ ከዚያ በኋላ ሥራው ሁሉ ቅጂው ላይ ነው።

ኤምኤምኤልኤስ ሲጠየቅ ፎቶዎቹ ያሉበት ክፍልፋይ ከ8192ኛው ሴክተር (የዲስኩ ትንሽ ቁራጭ) ይጀምራል ሊል ይችላል። አንድ ሴክተር 512 ባይት ስለሆነ፣ ከፊት ያለው 4 ሜጋባይት ይታለፋል ማለት ነው። ይህች ቁጥር ለቀጣዮቹ ትእዛዞች ሁሉ መሰጠት አለባት። ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው። ቁጥሯን ይረሳል፣ «ፋይል ሲስተሙን መለየት አልቻልኩም» የሚል መልስ ይመጣበታል፣ ሜሞሪው አበቃለት ብሎ ይደነግጣል።

ኤፍኤልኤስ ደግሞ ፋይሎቹን ይዘረዝራል። የተሰረዙት አጠገባቸው ኮከብ አለ። ዲኤስሲ_0147 የነበረው ፎቶ _ኤስሲ_0147 ሆኖ ይመጣል፤ የመጀመሪያ ፊደሉን የበላው ጅብ ሳይሆን ፋት የሚባለው፣ በካሜራ ሜሞሪ ላይ የተለመደው ፋይል ሲስተም አሠራር ነው። ፋት ፋይል ሲሰርዝ ፎቶውን አይነካውም። የስሙን የመጀመሪያ ባይት አንስቶ 229 ቁጥርን ይተካል፣ ፋይሉ የያዛቸውን ቦታዎችም ክፍት ናቸው ብሎ ይመዘግባል። ፎቶው የት እንደሚጀምርና መጠኑ ስንት እንደሆነ ግን ማውጫው ላይ እንደተጻፈ ይቀራል። የመዝገብ ቁጥሩን ለአይካት ሲሰጡት ከመነሻው ጀምሮ በተከታታይ ያነብና ፎቶውን ያወጣዋል። ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ ፎቶ በተርታ ስለሚጽፍ ይህ ግምት ይሠራል። ፋይሉ ተበታትኖ ተጽፎ ከሆነ ግን ግማሹ ሙሽራ፣ ግማሹ ሌላ ነገር የሆነ ምስል ይወጣል።

ሁሉም ፋይል ሲስተም እንዲህ ቸር አይደለም። የሊኑክሱ ኢኤክስቲ4 ሲሰርዝ የዳታውን አድራሻ ከመዝገቡ ያጠፋዋል፤ አይካት ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል። ኤስኤስዲ በሚባለው የዲስክ ዓይነት ላይ ደግሞ ትሪም የሚባለው አሠራር ዳታውን ራሱን ሊጠርገው ይችላል።

ሰዓትም አለ። ኤፍኤልኤስ የሰበሰበውን፣ ማክታይም የሚባለው ሌላው መሣሪያ በጊዜ ቅደም ተከተል ይደረድረዋል። እዚህ ላይ የእኛ አገር ጣጣ ይገባል። ፋት ሰዓትን የሚመዘግበው ካሜራው ላይ እንደተሞላው ነው፣ የየትኛው አገር ሰዓት እንደሆነ አይጽፍም። ባለቤቱ ካሜራውን በሐበሻ ሰዓት ሞልቶት ከሆነ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የተነሳው ፎቶ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እንደተነሳ ሆኖ ይቆጠራል። ሙሽራዋ ገና ተኝታ ሳለ ማለት ነው። ለዚህም መላ አለው። ኤፍኤልኤስ የካሜራው ሰዓት ምን ያህል እንደተዛባ በሰከንድ ሲነገረው ያስተካክላል፤ ስድስት ሰዓት ወደኋላ የቀረ ካሜራ ማይነስ 21600 ነው።