የአዳኙ ስልክ፦ ስለ ኢኑይቶች የአደን መዝገብ የሚባለውና እውነታው

በሰሜን ካናዳ፣ በተለይ ኑናቩት በሚባለው ግዛት ውስጥ፣ የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት ኢኑይቶች ያደኑትንና ያጠመዱትን በስልካቸው ይመዘግባሉ። ከሚጠቀሙባቸው መተግበሪያዎች አንዱ ሲኩ ይባላል፤ በቋንቋቸው «የባሕር በረዶ» ማለት ነው። ስለዚህ ሥራ የሚነገሩ አንዳንድ ነገሮች ግን ልክ አይደሉም።

«ሳይንቲስቶች ከውጭ አምጥተው የሰጧቸው ነው።»
ሲኩ የተወለደው ሳኒኪሉዋክ ነው፤ በሃድሰን ባሕረ ሰላጤ ደሴት ላይ ያለች የኢኑይቶች መንደር ናት። ተመራማሪዎች አብረው ሠርተዋል፤ እውነት ነው። ጥያቄው ግን የአዳኞቹ ነበር፤ የበረዶው ጸባይ ተለወጠባቸው፣ ያዩትን የሚያኖሩበት ቦታ ፈለጉ። መተግበሪያው እ.ኤ.አ. በ2019 ለሕዝብ ወጣ።

«ስንት እንስሳ እንደታረደ መቁጠር ብቻ ነው።»
ይሄኛው በጣም ያሳዝነኛል። አዳኙ አቆስጣ የሚባለውን የባሕር እንስሳ ገድሎ በረዶው ላይ ሆዱን ይከፍታል። ውስጡ ሽሪምፕ ነው ወይስ ትናንሽ ዓሣ? ፎቶ ያነሳል፣ ይጽፋል። የረገጠውን በረዶም በራሱ ቋንቋ ይሰይመዋል፤ ገና የረጋው ስሱ ሌላ ስም አለው፣ ከባሕሩ ዳር ተጣብቆ የቆመው ሌላ። ይህ ዓመት ከዓመት ሲጠራቀም እንስሳው ምን እየበላ እንደሆነ፣ ባሕሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ያሳያል። ለሁለት ሳምንት መጥቶ የሚመለስ ተመራማሪ ይህን ከየት ያገኘዋል?

«የአደን ቦታቸውን ለዓለም ያጋልጣል።»
ስጋቱ ከመሬት አልተነሳም። እንግዳ መጥቶ ጠይቆ፣ ጽፎ፣ መረጃውን ይዞ የሄደበት ጊዜ ብዙ ነው። ሲኩ ላይ ግን መረጃው የመዝጋቢው ነው። ማን እንዲያየው፣ ቦታውም እንዲታይ ወይም እንዲደበቅ የሚወስነው እሱ ነው።

«መመዝገብ ለክልከላ በር ይከፍታል።»
ኢኑይቶች ከካናዳ መንግሥት ጋር እ.ኤ.አ. በ1993 በተፈራረሙት የኑናቩት ስምምነት መሠረት፣ የአደን መጠን ሲገደብ የኢኑይቶች መሠረታዊ ፍላጎት ይቀድማል። ያ ፍላጎት ስንት እንደሆነ ለማወቅ ነው እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2001 አዳኞች በየወሩ ምን እንዳገኙ ሲጠየቁ የቆዩት። መዝገብ የሌለው ሰው «ይህን ያህል ያስፈልገናል» ቢል በምን ያስረዳል?

«በረዶ ላይ ኔትወርክ የት አለና?»
የለም። ያለ ኔትወርክ ይመዘገባል፣ ቤት ሲገባ ይላካል። የሚያስቸግረው ብርዱ ነው፤ ባትሪ ቶሎ ይጨርሳል። ስልኩ ከካፖርቱ ሥር፣ ገላ አጠገብ ቢቀመጥ ይሻላል።