ለይቶ ማስታወስ ምንድን ነው? በጤነኛ እርጅናና በመርሳት በሽታ ጅማሬስ?

ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈ አንዲት እናት የማስታወስ ምርመራ ላይ ናቸው እንበል። 15 ተራ ቃላት ተደጋግመው ተነበቡላቸው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ «የትኞቹ ትዝ ይሉዎታል?» ሲባሉ 5 ብቻ ጠሩ፤ አብራቸው የመጣችው ልጃቸው ደነገጠች። ቀጥሎ እነዚያው ቃላት ከአዳዲስ ቃላት ጋር ተደባልቀው አንድ በአንድ ተጠየቁ። አሁን 13ቱን «ነበረ» አሉ፤ አዲሶቹን ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉንም «አልነበረም»።

የመጀመሪያው ጥያቄ የሚፈትነው አስቦ ማምጣትን ነው። ሁለተኛው የሚፈትነው ለይቶ ማስታወስን፣ ማለትም ፊታችን የቀረበውን ነገር ከዚህ በፊት አግኝተነው እንደሆነና እንዳልሆነ መወሰንን ነው።

ዕድሜ ሲገፋ ሁለቱ እኩል አይደክሙም። ሾንፊልድና ሮበርትሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጡት ጥናት፣ አስቦ ማምጣት ከዕድሜ ጋር እየቀነሰ ሲሄድ ለይቶ ማስታወስ ብዙም ንቅንቅ አላለም። ኋላ የመጡ ጥናቶች መጠነኛ ቅናሽ ቢያገኙም ልዩነቱ እንዳለ ነው። የእኚህም እናት ቃላቱ አልጠፉም፤ ያለ ፍንጭ ተፈልገው መገኘት ነው ያቃታቸው።

ለይቶ ማስታወስ ራሱ ሁለት መንገድ አለው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆርጅ ማንድለር እ.ኤ.አ. በ1980 ያነሣው ምሳሌ እስካሁን ይጠቀሳል። አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሰው ያያሉ፤ እንደሚያውቁት አይጠራጠሩም፣ ከየት እንደሆነ ግን አይመጣልዎትም። ቆይቶ «ለካ የሉካንዳው ሰውዬ ነው!» ይላሉ። በመጀመሪያ የመጣው «አውቀዋለሁ» የሚል ባዶ ስሜት ነው፤ ቀጥሎ የመጣው ቦታውንና ሁኔታውን ይዞ የሚመጣ ትዝታ። ትዝታው በይበልጥ ሂፖካምፐስ የተባለውን የአንጎል ክፍል ይፈልጋል፤ ስሜቱ ደግሞ አጠገቡ ያለውን ፔሪራይናል ኮርቴክስ።

በጤነኛ እርጅና የሚሳሳው ትዝታው ነው። ወሬውን ያውቁታል፣ ከሬዲዮ ይስሙት ከጎረቤት ግን ይጠፋቸዋል። «ይህን ነግሬሃለሁ እንዴ?» የሚለው ጥያቄም ከዚሁ ይመጣል።

ዋነኛው የመርሳት በሽታ በሆነው በአልዛይመር ነገሩ ይለያል። የአንጎል ተመራማሪዎቹ ሃይኮና ኤፋ ብራክ እ.ኤ.አ. በ1991 እንዳሳዩት፣ ታው የተባለው ፕሮቲን በአንጎል ሽፋን ላይ መጀመሪያ የሚቋጠረው ከነዚሁ ክፍሎች አካባቢ ነው። ስለዚህ የሰሙት ነገር ገና ከመጀመሪያው በደንብ አይቀመጥም፤ ያልተቀመጠን ደግሞ ፍንጭ አያወጣውም። «አውቀዋለሁ» የሚለው ስሜት በበሽታው ዋዜማ ምን ያህል ይጎዳል በሚለው ላይ ተመራማሪዎች ዛሬም አልተስማሙም።

ብዙ ሰው የሚያልፈው ምልክት ግን የሐሰት «አዎ» ነው። 15ቱንም ቃላት «ነበረ» ያለ ሰው ጎበዝ ሊመስል ይችላል፤ ያልተነበቡትንም «ነበረ» ካለ ግን ምንም አልለየም። መርማሪ ሁለቱን አመዛዝኖ የሚቆጥረው ለዚህ ነው። አልዛይመር ያለባቸው ሰዎች አዲሱን ነገር «አውቀዋለሁ» ማለት ያዘወትራሉ።

እኛ ዘንድ ይሉኝታ ይህን ይሸፍነዋል። ዘመድ ገብቶ «አወቁኝ?» ሲል አዛውንቱ «እንዴታ!» ይላሉ፤ ያወቁትም ያላወቁትም። ይህ ጥያቄ ቢቀር ደስ ይለኛል፤ ያሳፍራል እንጂ ምንም አይለይም። ከዚያ ይልቅ ፍንጭ ተሰጥቶ የሚከተለውን ማዳመጥ ይሻላል። «ትናንት ዳቦ ይዛ የመጣችውን አላስታወሱም?» ሲባሉ «አዎ፣ ትንሹ ልጇም አብሯት ነበር» ብለው ከራሳቸው ከጨመሩ ትዝታው አለ። ፍንጭ በተደጋጋሚ ሳይረዳቸው ሲቀር፣ ወይም ያልመጣ ሰው መጥቷል ብለው ሲቀበሉ፣ ሐኪም ይያቸው።

ይህ ብቻውን በሽታ አያረጋግጥም። ድባቴ፣ የመስማት ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ መዛባት፣ አንዳንድ የእንቅልፍ መድኃኒቶችም ትውስታን ያደክማሉ። የፈተናው ቋንቋም ይወስናል፦ ዋሽንግተን ያሉ አማርኛ ተናጋሪ እናት በእንግሊዝኛ የቃላት ዝርዝር ከተፈተኑ ውጤቱ ከትውስታቸው ይልቅ እንግሊዝኛቸውን ሊለካ ይችላል። ፊደል ላልቆጠረ ሰው የሥዕል ፈተና ይቀላል፤ ሥዕል በጤነኛም ሆነ በታማሚ አእምሮ ከቃል በተሻለ ይያዛልና። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ «ይረሳሉ» ብቻ ከማለት የትኛው ፍንጭ እንደረዳቸው፣ የትኛው እንዳልረዳቸው ጽፎ መያዝ ለመርማሪው ብዙ ይነግረዋል።