ማስቶይድ ምንድን ነው? (ንፍፊት አይደለም)
አንዱ «ከጆሮዬ ጀርባ ጠንካራ ጉብታ አለ፣ የግራው ከቀኙ ይበልጣል» ብሎ ጠየቀ። አንድ አዋቂ ደግሞ ቀበል አድርጎ «ንፍፊት ነው፣ በቅቤ አሸው፣ ይሟሟል!» አለው። ወንድሜ፣ አጥንት በቅቤ አይሟሟም።

ጉብታው ማስቶይድ ይባላል። «ጆሮ ግንዱን አጮለው» ስንል ጥፊው የሚያርፍበት አካባቢ ነው። ስንወለድ የለም ማለት ይቻላል። ሕፃኑ ቀና ማለት ሲጀምር የአንገቱ ጡንቻ እየሳበው ያድጋል። (በመሣሪያ ተስቦ የተወለደ አራስ አንዳንዴ ፊቱ የሚጣመመው ለዚህ ነው፤ የፊት ነርቩን የሚከልል ጉብታ ገና አልበቀለም። ማንም አልጠየቀኝም፣ አውቃለሁ።)

እኩል አለመሆኑስ? የጉብታው ውስጥ እንደ እንጀራ ዓይን ዓይን ነው፤ ዓይኖቹ አየር ይይዛሉ። ከአንድ ሊጥ የወጡ ሁለት እንጀራዎች ዓይናቸው እኩል ሆኖ ያውቃል? ግራና ቀኝህም እንደዚያው ነው። በልጅነት ጆሮው ሲመግል የኖረ ሰው ደግሞ በዚያ በኩል ዓይኑ በደንብ ሳይወጣ ሊቀር ይችላል። የቱ የቱን እንዳመጣ እኛ ባለሙያዎቹም እንከራከራለን። ለዚህ መድኃኒት የለውም፤ በሽታ አይደለምና።

ንፍፊት (ያበጠ እጢ) ግን ሲነካ ከጣት ሥር ሸርተት ይላል። ብዙ ጊዜ ከራስ ቁስል ወይም ከጭርት ይመጣል። በአንድ በኩል ብቻ በዓመታት ቀስ እያለ የሚያድግ ድንጋይ የመሰለ እብጠት ኦስቲዮማ (የአጥንት እባጭ) ሊሆን ይችላል። ካንሰር አይደለም፤ ካስቸገረ ወይም መልክ ካበላሸ በቀዶ ሕክምና ይወጣል።

ማስቶይዳይተስ (የማስቶይድ መመረዝ) ሌላ ነገር ነው። እባካችሁ ጉብታ ባያችሁ ቁጥር ስሙን አትጥሩ። ወጥ ከእንጀራ ዓይን ወደ ዓይን እንደሚሰርግ ሁሉ የጆሮ መግልም ወደ አጥንቱ ዓይኖች ይገባል (ምሳ ላይ ላላችሁ ይቅርታ)። ልጁ ያተኩሰዋል፣ ከጆሮው ጀርባ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ጆሮው ወደ ፊት ይገፋል። ያኔ ዛሬውኑ ሆስፒታል ነው። በደም ሥር አንቲባዮቲክ ይሰጠዋል፤ አንዳንዴም ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። በምላጭ መብጣት የለም!

«የአጎቴ ልጅ በቅቤ ታሽቶ ጠፍቶለታል» ላልከው፦ የእሱ ንፍፊት ነበር። ንፍፊት ቅቤ ባይነካውም ብዙ ጊዜ በሁለት ሦስት ሳምንት ይሟሽሻል። ከወር በላይ ከቆየ ግን ይታይ፤ እኛ አገር የእጢ ቲቢ ብርቅ አይደለም።