ከአዘዞ እስከ ቀሃ፦ የጎንደርን ግንቦችና አጸዶች በአንድ ቀን መጎብኘት

ጎንደርን በአንድ ቀን ጎብኝቶ መመለስ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ፒያሳ አጠገብ ያለውን የፋሲል ግቢ ነው። ትኬት ይቆረጣል፤ አስጎብኚ ይያዛል፤ ሁለት ሰዓት ያህል ከግንብ ወደ ግንብ ይዞራል፤ ፎቶ ይነሣል፤ ከዚያ ወደ ምሳ። ግቢው ለብቻው ቀኑን ሙሉ ቢሰጠውም አይበዛበትም። ሆኖም የጎንደር ነገሥታት ያሠሩት ግንብ ብቻ አልነበረም። ውሃ ጠልፈዋል፤ ኩሬ አስገንብተዋል፤ ከችሎቱና ከግብሩ (ከግብዣው) ግርግር ወጣ ብለው የሚያርፉበት አጸድ ነበራቸው። እነዚህ ማረፊያዎች ከከተማዋ እምብርት ከ2 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ባለው ርቀት ውስጥ ስለሚገኙ ከግቢው ጋር አያይዞ በአንድ ቀን ማየት ይቻላል። የጎንደርን ታሪክ ለመረዳት ውሃውና ዛፉ ከግንቡ ያላነሰ ይጠቅማሉ ባይ ነኝ። ለዚህም ጉዞውን ሁሉም ከሚጀምርበት ከፒያሳ ሳይሆን ከአዘዞ መጀመር ይሻላል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ከተማ» የሚለው ቃላችን ድሮ የንጉሡ ድንኳን የተተከለበትን ሰፈር ያመለክት ነበር። ከጎንደር በፊት ለረጅም ዘመን ነገሥታቱ በድንኳን ይዘዋወሩ ነበር። የአንድ ቦታ ማገዶና ቀለብ ሲያልቅ ሰፈሩ ይነሣል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ለጥቂት ወራት ይረጋል። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ግን የክረምቱ ሰፈር እየደጋገመ ወደ ጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዙሪያ ተጠጋ። ዐፄ ሱስንዮስ (1607–1632) ጎርጎራ ላይ፣ ደንቀዝ ላይ፣ አዘዞ ላይ አሠሩ። ልጃቸው ዐፄ ፋሲል (1632–1667) በ1636 አካባቢ ጎንደርን መቀመጫቸው አደረጉ፤ መንግሥቱም ከዚያ በኋላ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ መናገሻውን እዚያው አደረገ። በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ያለው ጉብታ ነው የተመረጠው።

አዘዞ ከጎንደር በስተደቡብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አውሮፕላን ማረፊያው እዚያው አጠገብ በመሆኑ በአየር የመጣ እንግዳ ሁሉ ያልፍበታል፤ መኪና አስቁሞ የሚወርደው ግን ጥቂት ነው። ሱስንዮስ እዚህ ቤተ ክርስቲያንና የማረፊያ ቤት አሠርተው ቦታውን «ገነተ ኢየሱስ» አሉት። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ የተፈለገው ገነት፣ ማለትም የአትክልት ስፍራ ነው። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከስፔን የመጡ የሥነ ቁፋሮ ባለሙያዎች ቦታውን ሲያጠኑ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ፍርስራሽ ሌላ ትልቅ የድንጋይ የውሃ ገንዳና በውሃው መካከል የነበረ የመዝናኛ ቤት መሠረት አግኝተዋል። ይህ በጎንደር ያለውን የፋሲል መዋኛ ለሚያውቅ ሰው ትልቅ ዜና ነው። ልጅ በቀሃ ዳር ያሠራው ነገር አባት አዘዞ ላይ ካሠራው ጋር አንድ ሐሳብ ነው ማለት ነው፦ በአራት ማዕዘን ውሃ መካከል የቆመ ቤት።

ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክ እምነትን በይፋ ተቀበሉ፤ አገሩ በዚህ ምክንያት ደም ሲፋሰስ ከቆየ በኋላ በ1632 «ሃይማኖት ይመለስ» ብለው ዐውጀው መንግሥቱን ለፋሲል አስረከቡ። ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉና እዚሁ ገነተ ኢየሱስ ተቀበሩ። ቦታው ዛሬ ለዓይን የሚማርክ ግንብ የለውም፤ የተፈነቃቀለ ድንጋይ፣ ሣርና ዛፍ ነው። ቁም ነገሩን የሚያውቅ አስጎብኚ ካልተገኘ ጎብኚው «ይሄ ነው እንዴ?» ብሎ ይመለሳል። የሚያውቅ ከተገኘ ግን ቀኑን ሙሉ የሚታየው ነገር ሁሉ ከዚህ ይጀምራል።

ከአዘዞ ወደ ከተማ ወጥቶ ወደ ግቢው ከመግባት በፊት ጃንተከል ዋርካ ሥር ትንሽ መቆም ይገባል። ከግቢው ፊት ለፊት ያለው ይህ ዋርካ ዐዋጅ የሚነገርበት፣ ፍርድ የሚፈጸምበት አደባባይ ነበር። ግቢው 900 ሜትር በሚያህል የድንጋይ አጥር የተከበበ ሲሆን በትውፊት 12 በሮች አሉት። የበሮቹን ስም አስጎብኚው በቃሉ እንዲጠራ ማድረግ ጥሩ ነው፦ ወምበር በር ለዳኞቹ፣ እምቢልታ በር ለነጋሪት መቺዎቹና ለእምቢልታ ነፊዎቹ፣ ባልደራስ በር ለፈረሰኛ አዛዡ፣ ተዝካሮ በር ለተዝካር። ማን በየት በኩል ይገባ እንደነበር ከስሙ ይታወቃል።

የፋሲል ግንብ ከሩቅ ሲታይ አራት ማዕዘኖቹ ላይ ክብ ማማዎች፣ በማማዎቹ አናት ላይ የእንቁላል ቅርጽ ያላቸው ጉልላቶች አሉት። ቀረብ ሲሉ ግን ዓይን የሚይዘው ቀለሙ ነው። ግድግዳው ጥቁር ድንጋይ ሆኖ የበሩና የመስኮቱ ቅስት ብቻ በቀላሉ በሚጠረብ ቀይ ድንጋይ ተከርክሟል። እጅን ቅስቱ ላይ ቢያሳርፉት ቀዩ ድንጋይ ሻካራና ቀለል ያለ፣ ጥቁሩ ደግሞ ብረት የሚመስል መሆኑ ይታወቃል። የጎንደር ግንበኞች ይህን ልማድ አልተዉትም፤ ከመቶ ዓመት በኋላ በተሠራው በእቴጌ ምንትዋብ ግንብም ያው ቀይ ክርክም አለ።

በግቢው ውስጥ ብዙ የሚነሣው ጥያቄ «ማን ሠራው?» የሚለው ነው። «ፖርቱጋሎች» የሚለው መልስ ለብዙ ዘመን ሲደጋገም ኖሯል፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ፋሲል የካቶሊክ ኢየሱሳውያን (ጄስዊት) ሚስዮናውያንን ያባረሩ ንጉሥ ናቸው። በ1648 ከየመን ኢማም ተልኮ የመጣው ሐሰን አል ሃይሚ የንጉሡን ቤት አይቶ የሠራው ህንዳዊ እንደሆነ ጽፏል። ድንጋዩን ከድንጋይ የሚያጣብቀው የኖራ አሠራርም በሱስንዮስ ጊዜ ከህንድ በመጣ ባለሙያ እንደተለመደ የዘመኑ ጸሐፊዎች ያወሳሉ። የድንጋይና የእንጨት ሥራውን ከሠሩት የአገር ልጆች መካከል ደግሞ ቤተ እስራኤል ግንበኞች ስመ ጥር ነበሩ፤ የከተማዋ ካይላ ሜዳ የሚባለው ሰፈር የነሱ ነበር። ዛሬ ከእስራኤል የሚመጡ የጎንደር ልጆች ከከተማው ወጣ ብላ ያለችውን የቀድሞ የቤተ እስራኤል መንደር ወለቃን ሲጎበኙ ይታያሉ። አያቶቻቸው የሠሩት ግን ግቢው ውስጥም አለና አስጎብኚዎች ይህን ቢነግሯቸው ምንኛ ደስ ባለኝ።

ከፋሲል ቀጥሎ የተሠሩትን በዝርዝር ማየት ጊዜ ይፈጃል። ጻድቁ ዮሐንስ (1667–1682) ቤተ መጻሕፍት፣ አድያም ሰገድ ኢያሱ (1682–1706) ጣሪያው እንደ ኮርቻ ጎበጥ ያለ ግንብ፣ ዐፄ በካፋ (1721–1730) የግብር አዳራሽ አሠርተዋል። የኢያሱ ቤት በዝሆን ጥርስና በመስታወት ያጌጠ እንደነበር ይነገራል። ዛሬ የቀረው ግድግዳውና ጥቂት ጣሪያ ነው፤ የ1704ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ጎድቶት፣ በ1941 እንግሊዞች ጣሊያንን ለማስለቀቅ ከአየር ሲደበድቡ ደግሞ ተመትቷል። ግቢው ከነአካባቢው ቅርሶች በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። በቅርብ ዓመታትም ሰፊ ጥገና ተደርጎለታል።

ምሳን ፒያሳ ወይም አራዳ በልቶ ከሰዓት ወደ ቁስቋም መውጣት ነው። ቁስቋም ከከተማው በሰሜን ምዕራብ፣ በተራራው ግርጌ ያለ ስፍራ ነው። ስሙ እመቤታችን ከልጇ ጋር በስደት ከቆየችበት ከግብጹ ቁስቋም የተወሰደ ነው። ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። የቋራዋ ልጅ፣ የበካፋ ባለቤት፣ ባላቸው ሲያርፉ በ1730 ከሕፃኑ ልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር ዘውድ ጭነው አገር የገዙ ሴት። ከፋሲል ግቢ ወጥተው እዚህ የራሳቸውን ቤተ መንግሥትና የደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ቤተ ክርስቲያን ተከሉ። በፍርስራሹ ግድግዳ ላይ በቀይ ድንጋይ የተቀረጹ መስቀሎች ተደርድረው ይታያሉ። ከጎንደር ሥራዎች ሁሉ የሴት እጅ ያለበት ይህ ይመስለኛል፤ እንደ ምሽግ የሚያስፈራ ነገር የለበትም።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲገባ ምንትዋብ የተቀበሉት እዚህ ነበር፤ በፈንጣጣ የታመሙትን የእቴጌይቱን ቤተሰብ ልጆች እንዲያክም አደረጉት። በዚያን ጊዜ የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ከተገደለ ዓመት አልሞላውም። ምንትዋብ በ1773 ዐረፉ። አሁን የሦስቱ፣ ማለትም የእሳቸው፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው ዐፅም በአንድ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ሆኖ ለጎብኚ ይታያል። ቤተ ክርስቲያኑን በ1888 ደርቡሾች (የሱዳን መሐዲስቶች) አቃጥለውት እንደገና የተሠራ ነው። ስፍራው ጸጥ ያለ፣ ዛፉ የበዛ፣ ከተማው ቁልቁል የሚታይበት በመሆኑ እዚህ ሲደርሱ አስጎብኚው ትንሽ ዝም ቢል ይመረጣል።

ጊዜ ከተረፈ በምሥራቅ በኩል ደብረ ብርሃን ሥላሴ አለ። በጣሪያው ላይ የተደረደሩት የመላእክት ፊቶች በብዙ መጻሕፍትና ፖስተሮች ላይ ስለሚታዩ እዚህ መግለጽ አያስፈልግም። ከደርቡሾች እሳት የተረፈ መሆኑን፣ ያተረፈውም የንብ መንጋ እንደሆነ የሚነገረውን ግን ከቄሶቹ አፍ መስማት ይገባል።

ስለ አስጎብኚ አንድ ነገር ልበል። ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ግቢው በር ላይ ይገኛል፤ መታወቂያውን አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። ዋጋውን ከመነሻው መነጋገር፣ አዘዞንና ቁስቋምን ጭምር እንደሚያካትት በግልጽ መስማማት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ጉዞው ግቢው ውስጥ ያልቃል። ለመዋኛውና ለቁስቋም ባጃጅ ይበቃል። ለአዘዞ ግን የኮንትራት መኪና ይሻላል። ከከተማው ውጭ ላሉት ቦታዎች ከጉዞው በፊት የመንገዱን ሁኔታ መጠየቅ የግድ ነው፤ ከ2023 ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት የተነሣ አንድ ሳምንት ክፍት የሆነ መንገድ በሚቀጥለው ሊዘጋ ይችላል። በሰላሙ ጊዜ ሁለተኛ ቀን ያለው ሰው በባሕር ዳር መንገድ እንፍራዝ አጠገብ ከኮረብታ ላይ ጣናን ቁልቁል የሚያየውን የጉዛራን ግንብ ያያል፤ በትውፊት ያሠሩት ዐፄ ሠርጸ ድንግል (1563–1597) ናቸው። ወይም በሌላው አቅጣጫ ወደ ጎርጎራ ይወርዳል፤ የሱስንዮስ ማርያም ግንብ ፍርስራሽ በዚያ የሐይቅ ዳር አለ።

የቀኑን መጨረሻ ለፋሲል መዋኛ ማቆየት ይሻላል። ከፒያሳ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል የግንቡ ጥላ በባዶው ገንዳ ላይ ይረዝማል። ገንዳው አራት ማዕዘን ነው። በውስጡ በቅስቶች ላይ የቆመ ትንሽ ግንብ አለ፤ በድንጋይ ድልድይ ይገባበታል። ሰው የሚያስደንቀው ግን ዙሪያውን ያለው አጥር ነው። ዛፎቹ አጥሩ ላይ በቅለው ሥራቸውን በግድግዳው ፊት ቁልቁል ለቀውታል። ሥሩ እንደ ሰው ክንድ የወፈረ፣ አንዳንዱም እንደ ወገብ የወፈረ ሆኖ ድንጋዩን አቅፎ ይዞታል። ጠጋ ብሎ ላየው፣ በአንዳንድ ቦታ ኖራው ረግፎ አልቆ ድንጋዩን የያዘው ሥሩ ብቻ ነው። ሥሩ ቢቆረጥ ግድግዳው ይወርዳል፤ ሥሩ ሲወፍር ደግሞ ድንጋዩን ያለያያል። ጠጋኞችን የሚያስጨንቀው ይህ ነው፤ እኔ ግን ዛፉን ሳይነኩ ግድግዳውን የሚያቆዩበት ዘዴ እንዲገኝ እመኛለሁ፤ ያለ ዛፎቹ ቦታው ያው ቦታ አይሆንም። ከአጥሩ ውጭ ዞቢል የሚባለው ፈረስ መቃብር ነው የሚሉት ክብ ሕንፃ አለ።

ገንዳው አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው። የሚሞላው ለጥምቀት ነው። በዓሉ በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ከሰፈረ ወዲህ የውጭው እንግዳ በዝቷል። ለጎንደሬ ግን ገንዳው ከመዝገቡ በፊትም የጥምቀተ ባሕሩ ስፍራ ነው። በከተራ፣ ጥር 10፣ ታቦታቱ ከየደብራቸው ወጥተው በሆታና በእልልታ ወደዚህ ይወርዳሉ፤ ካህናቱና ምእመናኑ በዛፎቹ ሥር ያድራሉ። ጥር 11 ንጋት ላይ ውሃው ተባርኮ እንዳበቃ ወጣቶቹ ከአጥሩና ከዛፎቹ ላይ ሆነው ይዘላሉ። ለዚያ ቀን ሲባል ከቀሃ ወንዝ የሚመጣው ቦይ አስቀድሞ ይጠረጋል፤ ውሃው ሌት ተቀን እየገባ ቀስ በቀስ እስከ ቅስቶቹ ይደርሳል።