በባዮሎጂ «ባችለር ኦፍ አርትስ» ማለት ምን ማለት ነው?

በአሜሪካ ሊበራል አርትስ ኮሌጆች (ተማሪው ከዋና ትምህርቱ ጎን ለጎን ልዩ ልዩ የዕውቀት ዘርፎችን በሚማርባቸው ኮሌጆች) ባዮሎጂ የሚያጠኑ ልጆች ያሏቸው ወላጆች፣ በዲግሪው ወረቀት ላይ «አርትስ» የሚል ቃል ሲያዩ ልጃቸው ሳይንሱን ትቶ ወደ ሥነ ጥበብ የገባ እየመሰላቸው ደጋግመው ስለሚጠይቁ፣ ጉዳዩን ማብራራት አስፈልጓል። ስያሜው አሳሳች መሆኑን አልክድም። ሆኖም እዚህ ላይ «አርትስ» ሥዕልና ቴአትር ማለት ሳይሆን፣ በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሒሳብን፣ ጂኦሜትሪንና ሥነ ፈለክን ጭምር ያካትት ከነበረው የትምህርት ክፍፍል የተወረሰ ቃል ነው።

ለምሳሌ በማሳቹሴትስ የሚገኘው አምኸርስት ኮሌጅ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚሰጠው «ባችለር ኦፍ አርትስ» የሚለውን አንድ ስያሜ ብቻ ስለሆነ፣ ባዮሎጂ ያጠናችውና ታሪክ ያጠናው ተመራቂዎች በዲግሪያቸው ስም አይለያዩም፤ ልዩነታቸው የሚታየው የወሰዷቸው ኮርሶች በተዘረዘሩበት ትራንስክሪፕት ላይ ነው። በአንጻሩ «ባችለር ኦፍ አርትስ» እና «ባችለር ኦፍ ሳይንስ» የሚሉትን ሁለቱንም ስያሜዎች የሚሰጡ ተቋማት አሉ፤ በእነዚህ ዘንድ «ባችለር ኦፍ ሳይንስ» ብዙውን ጊዜ ተጨማሪ የሳይንስ ኮርሶችን ይጠይቃል።

ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት ስያሜው እንቅፋት አይሆንም። ግዴታ የሆኑት ኮርሶች ግን እንደየትምህርት ቤቱ ስለሚለያዩ፣ ተማሪው ከኮሌጁ አማካሪ ጋር ቀደም ብሎ ቢያጣራቸው ይመረጣል።