ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት በጽኑ ሕሙማን ክፍል

ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ኩላሊት በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ደም የማጣራት ዐቅሙ ሲዳከም የሚከሰት ችግር ነው። ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚገቡት ብዙዎቹ ሕሙማን የሚገቡት በሌላ ሕመም ነው፤ ኩላሊቱ የሚጎዳው በመሃል፣ ያለ ምንም ሕመም ስሜት ነው። በ33 አገሮች 97 ማዕከላትን ያካተተና በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በመጀመሪያው ሳምንት ከሕሙማኑ 57 በመቶ ያህሉ ለጉዳቱ መዳረጋቸውን አሳይቷል።

ኩላሊቶች ልብ ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛ ያህሉን ይቀበላሉ። ስለዚህ የደም ግፊት ሲወርድ ቀድመው ከሚጎዱት አካላት መካከል ናቸው። ዋናው መንስኤ ሰውነት ለኢንፌክሽን በሚሰጠው የተዛባ ምላሽ የሚመጣው ሴፕሲስ ነው። ከባድ ቀዶ ሕክምና፣ የደም መፍሰስ፣ እንዲሁም እንደ ጄንታማይሲንና አምፎቴሪሲን ያሉ መድኃኒቶች ይከተላሉ። ሕይወት ለማዳን የተሰጠው መድኃኒት ራሱ ኩላሊትን ሊጎዳ መቻሉ የዚህ ክፍል ሐኪሞች የየዕለት ጭንቀት ነው።

በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ጉዳቱን ለመለየት ሁለት መለኪያዎች አሉት። አንደኛው በደም ውስጥ ያለው ክሬቲኒን (ከጡንቻ የሚመነጭና ኩላሊት የሚያስወግደው ቆሻሻ) በ48 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ በ0.3 ሚሊግራም በዴሲሊትር መጨመሩ ወይም በሰባት ቀን ውስጥ ከቀድሞው መጠን አንድ ተኩል እጥፍና ከዚያ በላይ መድረሱ ነው። ሁለተኛው የሽንት መጠን ነው፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለስድስት ሰዓት ያህል በየሰዓቱ ከ35 ሚሊሊትር በታች ከሸና ጉዳት አለ ይባላል። ክሬቲኒን ዘግይቶ ነው የሚናገረው፤ ጡንቻው በሟሸሸ ወይም ብዙ ፈሳሽ በተሰጠው ሕመምተኛ ላይ ደግሞ ዝቅ ብሎ ያታልላል። ነርሷ በየሰዓቱ ከሽንት ከረጢቱ እያነበበች የምትመዘግበው ቁጥር ምንም ውድ መሣሪያ ሳይፈልግ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ያስጠነቅቃል።

የተጎዳውን ኩላሊት መልሶ የሚጠግን መድኃኒት እስካሁን የለም። ለዓመታት ኩላሊትን ይጠብቃል ተብሎ በትንሽ መጠን ይሰጥ የነበረው ዶፓሚን፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ተካሂዶ በ2000 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ጥቅም አልባ ሆኖ ተገኝቷል። የሚቀረው መንስኤውን ማከም፣ የደም ግፊትን መጠበቅ፣ ጎጂ መድኃኒቶችን ማቆምና ፈሳሽን በልክ መስጠት ነው፤ ትርፍ ፈሳሽ ሳንባ ላይ ይተኛል።

ፖታሲየም ወይም የደም አሲድ በአደገኛ ሁኔታ ሲጨምር፣ ወይም በሳንባ የተጠራቀመ ውኃ በመድኃኒት አልወጣ ሲል፣ የኩላሊት እጥበት ይጀመራል። የደም ግፊቱ ላልተረጋጋ ሰው ቀኑን ሙሉ በዝግታ የሚካሄደው ዓይነት ይመረጣል። እነዚህ አስቸኳይ ምክንያቶች በሌሉበት እጥበትን ማፋጠን የሟቾችን ቁጥር እንደማይቀንስ በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ 3,000 ያህል ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት አረጋግጧል።

ሕመምተኛው አገግሞ ቢወጣም የዘላቂ የኩላሊት በሽታ ሥጋት ስለሚከተለው፣ መመሪያው ከሦስት ወር በኋላ ዳግም እንዲመረመር ይመክራል።